ውሃው እስኪለዝብ

በሰባት ዓመቴ አንዲት ጠላት ነበረችኝ፤ እትዬ ቶኩ ትባላለች። የፊት ጥርሶቿ ወርቅ፣ ክንዷ እንደ እንጨት ፈላጭ ክንድ የደነደነ፣ ሳቋ ከገበያው እስከ ድልድዩ የሚሰማ አሮጊት ነበረች። ጠላት መሆኗን ማንም አልነገረኝም፤ በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት። በየቀኑ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ እናቴን በጣውላ ትገጫት ነበር።

በተራራማው መንደራችን በናጊሳዋ ፍልውሃው ከመሬት ሲወጣ እንቁላል ይቀቅላል። ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሮ ማብረድ ደግሞ ነውር ነው፤ የጨመረበት ሰው መድኃኒቱን ገደለው ይባላል። ስለዚህ ሴቶቹ በገንዳው ዙሪያ ይቆሙና፣ ከቁመታቸው የሚበልጥ የጥድ ጣውላ ይዘው፣ ውሃውን እየገለባበጡ ያማስሉታል። እያማሰሉ ይዘፍናሉ። ዘፈኑ ለጨዋታ አይደለም። አውራጇ ታወርዳለች፣ ተቀባዮቹ ይቀበላሉ፣ ጣውላዎቹ በዜማው ይነሳሉ ይወድቃሉ፤ ውሃው የሰው ገላ የሚችለው እስኪሆን ድረስ። ታጣቢዎቹ ሽርጣቸውን አገልድመው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ይጠብቃሉ። ወገቡ የተያዘ፣ ቆዳው የቆሰለ፣ ጣቱን ውርጭ የበላው፣ ሁሉም ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል። የሚገቡት አውራጇ የመጨረሻውን ስንኝ ስታወርድ ነው፤ ያኔ ሁሉም ባንድ ላይ ያለ ጥያቄ ይገባሉ። ስንኙ ቀድሞ ከመጣ ሰው ይላጣል። ከዘገየ ደግሞ ውሃው ሞተ፣ ታጣቢውም ተሰደበ ማለት ነው። ያን ስንኝ ቤት ውስጥ መዝፈን፣ መንገድ ላይ ማንጎራጎር ክልክል ነው። አንዴ ሰሃን ሳጥብ አፌ ላይ ቢመጣብኝ በጥፊ አጩላኛለች እናቴ።

አውራጇ እሷ ነበረች። ፉሳኤ።

አውራጅነት የድምፅ ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዋናው ጆሮ ነው። የፈላ ውሃ በጣውላ ሲመታ ይጮሃል፤ እየለዘበ ሲመጣ ድምፁ ይወፍርና ማጉረምረም ይጀምራል። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ያንን ታዳምጥና «አሁን» የሚለውን ታውቃለች። እሷ «ለዘበ» ካለች አንድም ሰው ጣቱን ነክሮ አያረጋግጥም። ለዚህ ሥራዋ ከገንዳው ጀርባ አንዲት ክፍል ተሰጥታት ነበር። የውሃው ቧንቧ ከወለሉ በታች ስለሚያልፍ በረዶው ጣራ ላይ ሲከመር እንኳ የሰሌን ምንጣፋችን ይሞቃል፤ ልብሳችን፣ ሩዛችን፣ እኛም ራሳችን ድኝ ድኝ እንሸታለን። አባቴን ግንድ ሲያወርድ የበረዶ ናዳ ከወሰደው ወዲህ ከዚያች ክፍል ሌላ ቤት አልነበረንም። አውራጅነቱ ከሄደ ክፍሏም ትሄዳለች። ይህን ናጊሳዋ ላይ የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ እኔም አውቅ ነበር።

ለዚህ ነው እትዬ ቶኩን ስጠላት ከልቤ የጠላኋት። ከእናቴ ጎን፣ ከግራዋ፣ ትከሻ ለትከሻ ትቆማለች። ዘፈኑ ሞቅ ሲል፣ እናቴ ዓይኗን እንደጨፈነች፣ የቶኩ ጣውላ ቀጭ! አድርጎ የእናቴን ጣውላ ይገጫል። እናቴ ዓይኗን ትገልጣለች፤ ወዲያው የመጨረሻውን ስንኝ ታወርዳለች። በዚህ አላበቃም። አንዳንዴ እናቴ አንዱን ስንኝ ጀምራ ሳትጨርሰው፣ ቶኩ እና ከተቀባዮቹ አንዷ፣ ወጣቷ ኩኒ፣ ቀድመው በጩኸት ይቀበሏታል፤ ስንኟን ካፏ ይነጥቋታል። እኔ የልብስ ቅርጫቶቹ ሥር ተቀምጬ ጥርሴን እነክሳለሁ። ቦታዋን ፈልገዋል አልኩ። ክፍላችንን ፈልገዋል።

እናቴስ? እናቴ ጭራሽ እኔን መጥላት ጀምራለች።

ያን ዓመት በረዶው ሲጀምር ስጠራት መልስ መስጠት ተወች። ሩዝ ስታጥብ፣ ቁልቁል አጎንብሳ፣ ከኋላዋ ቆሜ «እማዬ» እላለሁ። ዝም። «እማዬ!» ዝም። ጀርባዋን እያየሁ፣ ምን አጥፍቼ ይሆን እያልኩ፣ የሠራሁትን ሁሉ ከጠዋት ጀምሬ እፈትሻለሁ። ቀሚሷን ስጎትተው በድንጋጤ ዘላ ትዞራለች።

«ከኋላዬ አትምጪ አላልኩሽም? አንቺ ልጅ! ከፊቴ ነይ! ከፊቴ ሆነሽ ተናገሪ!»

ከፊቷ ሆኜ ስናገር ደግሞ አፍ አፌን ታየኛለች፤ ውሸቴን የምትፈልግ ይመስል። ልጅ እናቱ ስትጠላው ምን ምን ምልክት እንደሚያይ እኔን ጠይቁኝ። ከዚያ ወዲህ ስተኛ የቀሚሷን ጫፍ በጥርሴ ነክሼ መተኛት ጀመርኩ፤ ጥላኝ ብትሄድ እንኳ ስትስበው እንድነቃ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ልብስ ማውለቂያው ክፍል ውስጥ፣ ከቅርጫቶቹ መደርደሪያ ሥር እንደ ድመት ተኮራምቼ ሳለሁ፣ ቶኩና ኩኒ ገቡ። በፍልውሃው የቀቀሉትን እንቁላል እየላጡ ተቀመጡ።

«ዛሬ ሁለቴ ከዜማው ወጣች» አለች ኩኒ።

«አይቻለሁ። ሸፈንነው አይደል?»

«እስከ መቼ ነው እትዬ? ሊቀመንበሩ ሙራኮሺ ያወቀ ለት በዚያው ቀን ነው የሚያስወጣት።»

«አፍሽን ካልከፈትሽው ከየት ያውቃል? በረዶው እስኪቀልጥ እናድርሳት። ከዚያ በራሷ እግር ትወጣለች።»

«ልጅቷስ?»

«የልጅቷን ነገር ለእኔ ተዪው» አለች ቶኩ፣ እንቁላሉን ባንዴ ጎርሳ።

ከመደርደሪያው ሥር ሆኜ የሷን የእንጨት ጫማ እያየሁ፣ ትንፋሼ እንዳይሰማ ክንዴን ነከስኩ። በረዶው ሲቀልጥ እናቴን ሊያባርሯት ነው፤ እኔን ደግሞ ይቺ ባለ ወርቅ ጥርስ ልትወስደኝ ነው። ሌላ ምን ብዬ ልረዳው?

ዛሬ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። የእናቴ ጆሮ እየሄደ ነበር። ቀኙ እኔን ሳትወልድ በፊት ነበር የደከመው፤ ያን ዓመት ግራውም ተከተለው። በትኩሳት ይሁን በዘር፣ ያን ጊዜ ናጊሳዋ ላይ ይህን የሚነግራት ሐኪም አልነበረም። ውሃው ለዘበ አልለዘበ ብሎ የሚነግራት ጆሮ ሲጠፋ፣ ቶኩ በጣውላዋ ትነግራት ጀመር። ከዜማው ስትወጣ ተቀባዮቹ በጩኸት ይሸፍኗታል። ሌብነት ያልኩት ይሄን ነበር። ግን ይህን ሁሉ ያወቅኩት ኋላ ነው፤ ያን ቀን የማውቀው ጠላቴ እንቁላል እየበላች የእኛን ቤት እንደተካፈለችው ነው።

ምንጩ የሚወጣበት ጥግ ላይ ቀይ ጨርቅ በአንገቱ የታሰረለት የድንጋይ አምላክ አለ። በማግስቱ አንድ እንቁላል ይዤ ሄድኩና ፊቱ አስቀመጥኩ። «የእትዬ ቶኩን አፍ ዝጋልኝ» አልኩት። «የኩኒንም። እናቴ ብቻዋን ትዝፈን።» ትንሽ ቆየሁና እንቁላሉን መልሼ በላሁት። አምላኩ እንደማይበላው አውቅ ነበር፤ ሐሳቤን ግን አየልኝ ብዬ አመንኩ።

የባኞ ቤቱ ማኅበር ሊቀመንበር ሙራኮሺ ነው። ቦርጫም ሰው ነው፤ ደረጃውን ሲወጣ ከሱ ትንፋሹ ቀድሞ ይደርሳል። በዚያው ሳምንት መጣና ሴቶቹን ሰበሰባቸው።

«ከቶኪዮ የሬዲዮ ሰው ሊመጣ ነው!» አለ፣ እጁን እያፋተገ። «ዘፈናችንን በማሽን ቀርፆ አገር ምድሩ እንዲሰማው ሊያደርግ ነው። ታጣቢዎቹ እዚያው ቆመው፣ ውሃው እዚያው እየተማሰለ፣ እንደ ወትሮው። እንዳታዋርዱኝ!» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ቶኩ ተጠጋ። «ፉሳኤ ምን ሆናለች? ሰሞኑን ስጠራት አትዞርም። ኮራች እንዴ?»

«ባሏ የሞተባት ሴት ወንድ በጠራት ቁጥር ከዞረች ደግሞ ሌላ ስም ታወጡላታላችሁ!» አለች ቶኩ።

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ሙራኮሺ ቀላ፤ ግን አልሳቀም። «እኔ ዓይን አለኝ» አለ። «አውራጅነቱ ለሚችል ሰው ነው። ካልቻለች ኩኒ አለች። ይህ ቀን ፈተናዋ ነው፤ ንገሪያት።»

ይህን እኔም ሰማሁ። እናቴ ግን እዚያው ቆማ ነበር፤ ወደ መስኮቱ ዞራ በረዶውን ታያለች። ምን ዓይነት ልበ ደንዳና ናት አልኩ በሆዴ፤ ቤታችን ሊሄድ ሲል በረዶ ታያለች!

የሬዲዮው ሰው ሺኖዳ ይባላል። ቀጫጫ፣ ጫማው በረዶ ያስገባ፣ መነጽሩን እንፋሎቱ በየደቂቃው የሚሸፍንበት ልጅ እግር ነው። ማሽኑን እንደ ሕፃን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አምጥቶ ከበሩ ወዲያ አስቀመጠው፤ ማይክሮፎኑን በእንጨት ጫፍ አስሮ በገንዳው ላይ አንጠለጠለው። ለሙከራ ሴቶቹ ትንሽ ዘፈኑለት። እሱ ጆሮው ላይ ያደረገውን ነገር በሁለት እጁ ይዞ፣ ፊቱን ጨምድዶ ሰማ።

«አይሆንም» አለ። «እኚህ እናት ከጎን ሆነው ስንኞቿን ይቀሟታል። ያቺኛዋም እህት እንደዚያው። እኔ አውራጇን ብቻዋን ነው የምፈልገው። የቀሩት ጣውላ ይምቱ እንጂ አፋቸውን ይያዙልኝ። እማማ፣ እርስዎ ደግሞ ወዲያ ማዶ ይሁኑ፤ ጣውላዎ ይጋጫል።»

እግዜር ያሳያችሁ! ደስታዬን የት ላድርሰው? እንቁላሌ ሠራ!

ቶኩ ጣውላዋን አቁማ ተደገፈችው። «ልጄ፣ ይሄ ዘፈን ለብቻ ከተዘፈነ ውሃው ይቆጣል።»

«ከውሃው ጋር እኔ እስማማለሁ» አለ ሺኖዳ እየሳቀ።

«አንተ ምን አለብህ! ገላህ አይገባበት! እኔ ከዚህች ሴት ጎን ካልቆምኩ ደግሞ ወገቤን ይይዘኛል፤ የለመድኩበት ነው።»

«በቃ!» አለ ሙራኮሺ። «የተባለው ይሁን!»

ኩኒ ወለሉን አየች። እናቴ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ ታያለች፤ ቶኩ ከጎኗ ተነስታ ወደ ማዶ መሄድ ስትጀምር ነው ነገሩ የገባት። ፊቷ እንደ ሩዝ ዱቄት ነጣ። እኔ ነጻ የወጣች ሰው ፊት ነው ብዬ አሰብኩ።

ያኔ ቶኩ ማዶ ሳትደርስ መንገድ ቀየረችና ወደ ቅርጫቶቹ መጣች። ጆሮዬን ይዛ ጎተተችኝ።

«ነይ አንቺ አይጥ። ከእናትሽ ፊት ለፊት፣ ጠርዙ ላይ ተቀመጪ። እግርሽን ውሃው ውስጥ ትነክሪያለሽ። ካቃጠለሽ ታወጪዋለሽ። ካስቻለሽ ትተዪዋለሽ። ገባሽ?»

«ያቃጥለኛል እኮ!»

«ለሱ እኮ ነው! አንድ ቃል ትተነፍሺና በዚህ ጣውላ ነው የምልሽ።»

ሰው ፊት ልታቃጥለኝ ነው! መጮህ አማረኝ፤ ግን የእናቴ ቀን ነው፤ ልበጠብጠው አልቻልኩም። እንባዬን ውጬ ተቀመጥኩ። ቶኩ ማዶ ቆማ፣ በአገጯ ወደ እኔ እግር እየጠቆመች እናቴን አየቻት። ሺኖዳ እጁን አነሳ። ግድግዳው ሥር ታጣቢዎቹ ዝም አሉ፤ ከፊት የቆመው አያ ጋንጂ ነው፤ ዕድሜውን በከሰል ማክሰል የጨረሰ፣ ውሃ ካላንገበገበው ታጠብኩ የማይል ሽማግሌ። የሺኖዳ እጅ ወረደ።

እናቴ አወረደችው።

«ከተራራው ሆድ ውስጥ ፈልተህ እየወጣህ፣
ተው ረጋ በል ውሃ፣ ደግሞ ማን አስቆጣህ?»

ጣውላዎቹ ባንድነት ወረዱ። እንፋሎቱ ተነሳ። እግሬን ነከርኩና መንጭቄ አወጣሁት፤ ጣቶቼ የተቆረጡ መሰለኝ። ቀና ስል እናቴ እያየችኝ ነው። ያቺ በጥሪ የማትዞር እናቴ፣ ዓይኗን ጨፍና የምትዘፍነዋ እናቴ፣ ዓይኗን ገልጣ እኔን ታያለች።

«በላይ በረዶ ነው፣ በታችም እሳት ነው፤
መሃል ላይ የቆመ፣ ሆዱን ማን ጠየቀው?»

ድምጿ ብቻውን ሲወጣ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሻካራ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ይሰነጠቃል፤ ግን ከተሰነጠቀበት ተመልሶ ይነሳል። እግሬን ነከርኩ፤ አወጣሁ። ነከርኩ፤ አወጣሁ። ሙራኮሺ የኪስ ሰዓቱን አውጥቷል። የኩኒ ከንፈር ድምፅ ሳያወጣ ይንቀሳቀሳል። እናቴ ስንኝ ጨመረች፤ የማውቀውን ጨርሳ የማላውቀውን ጀመረች፤ ስለ ግንድ አውራጆች፣ ስለ ጭስ፣ ጥርስ ስለሌላት ትንሽ ልጅ። ያን ሰሞን የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ነበር። ስለ እኔ እኮ ነው የምትዘፍነው!

እግሬን ነከርኩት፤ ቻልኩት። ተውኩት።

አሁን ታቆማለች ብዬ ጠበቅሁ። አላቆመችም። እግሬ ውሃው ውስጥ ተመቻችቶ ተቀምጧል፤ ሌላኛውንም ጨመርኩት። እናቴ አሁንም እያየችኝ ሌላ ስንኝ አወረደች። ቶኩ ጣውላዋን ወለሉ ላይ ደቃችው፤ ሺኖዳ በቁጣ ጣቱን አፉ ላይ አደረገ። የታጣቢዎቹ ትከሻ በብርድ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሙራኮሺ ወደ እናቴ አንድ እርምጃ ተራመደ። አቁሚ፣ እማዬ፣ በናትሽ አቁሚ፣ ያስወጡናል። በልቤ ነው የምለው፤ አፌን ብከፍት ጣውላ አለ። እሷ ግን ከእኔ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል አንድ ስንኝ ጨመረች፤ ከዚያም ሌላ። ከዚያ ትንፋሽ ወሰደች።

«ውሃው ሰው ሆነልን፣ ቁጣውም በረደ፤
ይግባ የደከመው፣ ከሩቅ የወረደ።»

ሁሉም ባንድ ላይ ገቡ። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልተላጠም። ቶኩ ጣውላዋን ይዛ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ ወርቅ ጥርሷ ታየ፤ አለቀሰች እንዴ ብዬ ገረመኝ። አያ ጋንጂ ብቻ እስከ አንገቱ ገብቶ ዙሪያውን አየና፣

«ይሄማ የአራስ ልጅ መታጠቢያ ነው! ማነው በሳህን እጣቢ የዘፈዘፈን?» አለ።

በሳቅ ሞትኩ። ሺኖዳም ሳቀ፤ ማሽኑን ካጠፋ በኋላ ለእናቴ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳት። ሙራኮሺ ሰዓቱን መልሶ ኪሱ ከተተ። እኔ እርጥብ እግሬን ይዤ ሮጬ ቀሚሷ ውስጥ ገባሁ። ሙሉውን ዘፈን እኔን እያየች ነበር የዘፈነችው። አልጠላችኝም። ያን ዕለት ቀሚሷን ሳልነክስ ተኛሁ።

በረዶው ሲቀልጥ እናቴ በራሷ እግር ወደ ሙራኮሺ ሄደች። ጆሮዬ ሄዷል፣ ዜማውን ከማበላሸቴ በፊት ጣውላውን ለኩኒ ስጧት አለችው። ክፍሏም ሄደች። እኔ እያለቀስኩ፣ ጠላቴ ቶኩ ከፊት ፍራሻችንን ተሸክማ፣ ወደ እሷ ቤት ወጣን። ፎቁ ላይ ሁለት መስኮት ያለው ክፍል አጽድታ፣ ለእኔ አዲስ ብርድ ልብስ አንጥፋ ጠበቀችን። የልጅቷን ነገር ለእኔ ተዪው ያለችው ይሄንን ነበር። እስክዳር ድረስ እዚያው ኖርን፤ ስትገስጸኝ፣ ስትሰድበኝ፣ ሩዝ ስታበላኝ አደግሁ።

የእግሬን ነገር የነገረችኝ እሷ ናት፤ ኮረዳ ሆኜ፣ ወገቧን እያሸሁላት።

«አንቺ እኮ ነሽ ያን ቀን ያዳንሽን» አለች። «እኔ መግጨት ስከለከል፣ እግርሽን እያየች ታወርዳለች ብዬ ነው ያስቀመጥኩሽ። ሲያቃጥልሽ ታወጫለሽ፣ ሲያስችልሽ ትተዪዋለሽ፤ ፊደል ነበርሽ ለሷ።»

«እግሬን ከተውኩት በኋላ ግን ብዙ ዘፈነች።»

«እንፋሎቱ ሸፍኖሽ ይሆናላ! እኔስ ነፍሴ አልወጣች መሰለሽ?»

ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ። እናቴ ዘፈኑን ሙሉ ስታይ የነበረው እኔን ሳይሆን እግሬን ነው። ምክንያታዊ ነገር ነው፤ አምኜ ተቀበልኩት። ለብዙ ዓመታትም ታሪኩን ለሰው ስነግር እንደዚያው ነበር የምነግረው፤ የልጅነቴን ሞኝነት እያከልኩ፣ ሰው እያሳቅሁ።

ባለፈው ዓመት ሺኖዳ ሞተና ልጁ የአባቱን ቅጂዎች ለየባለቤቶቻቸው ማደል ጀመረ። የእኛ ዘፈን በትንሽ ማሽን ተገልብጦ ደረሰኝ። እናቴ አሁን ዘጠናን እየተጠጋች ነው፤ ምንም አትሰማም፤ ምላሷ ግን ያው ነው። ማሽኑን ጠረጴዛው ላይ አደረግሁትና ከፊቷ ተቀምጬ፣ አፌን በደንብ እየከፈትኩ፣ ምን እንደሆነ ነገርኳት። እጇን ሳጥኑ ላይ ጫነች። ስከፍተው ጣቶቿ ደነገጡ፤ ከዚያ በጣቷ እየመታች አብራው ማንጎራጎር ጀመረች። ዜማው ቅጂው ካለበት አልወጣም፤ እያንዳንዷን ስንኝ በእጇ አገኘቻት። እኔ የረሳሁትን፣ ጥርስ የሌላትን ልጅ ስንኝ እንኳ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ አፏን ገጠመች። ያቺን ስንኝ ሳጥኑ ብቻውን ዘፈናት፤ ፊታችን ውሃ አልነበረማ።

«በእጅሽ ታውቂዋለሽ» አልኳት፤ ገርሞኝ።

«ያኔም በእጄ ነበር የማውቀው» አለች። «የፈላ ውሃ ጣውላውን ይነዝረዋል፤ ሲለዝብ ይከብዳል። ጆሮዬ ሲሄድ እጄ ተማረ።»

«ቶኩስ? የምትገጭሽ?»

«መጀመሪያ ያስፈልገኝ ነበር። በኋላ ካልገጨችኝ እንቅልፍ አይወስዳትም ብዬ ተውኳት። ነፍሷን ይማር።»

አያ ጋንጂ «ማነው በሳህን እጣቢ የዘፈዘፈን?» ያለው ታወሰኝ።

«ታዲያ ያን ቀን ውሃው መለዘቡን አውቀሽ ነበር?»

«ከአንቺ እግር በፊት።»

«እና ለምን አላቆምሽም? ሙራኮሺ ሊያስወጣን ነበር እኮ!»

እጇን ከሳጥኑ ላይ አነሳችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ድምፄን የሰማሁት ያን ቀን ነው ለመጨረሻ ጊዜ» አለች። «ሌሎቹ ዝም ሲሉ፣ ከሩቅ፣ ከወንዝ ማዶ እንደሚጠራ ሰው ድምፅ፣ ይሰማኝ ነበር። ካቆምኩት እንደማይመለስ አውቄዋለሁ። ትንሽ ጎተትኩት። ጋንጂ ቀዘቀዘው፤ ይቀዝቅዘው።»

«እኔን ታዪ የነበረውስ? እግሬን አልነበረም?»

አፍ አፌን ስታይ ቆየችና፣ ልክ እንደ ያኔው፣ ሞኝ ልጅ የወለደች ሴት ፊት አሳየችኝ።

«ማንን ልይ ታዲያ?» አለች። «ሙራኮሺን?»